አኳየር፦ ከ8 ወር ጨዋታ በኋላ

አኳየር ሆቴል እየመሠረቱ አክሲዮን የሚገዙበት የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ሲመጣ ነው ይዞልን የመጣው። ሕጉን ለመረዳት ሩብ ሰዓት በቃን። ጨዋታውን መቻል ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ እስከ ግንቦት ድረስ አንድ ጊዜም አላሸነፍኩም። አሁን ነሐሴ ነው፤ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ እኔ፣ የ14 ዓመት ልጄና አማቴ ሰሌዳውን ዘርግተን እንቀመጣለን። ባለቤቴም ሲመቸው ይቀላቀላል።

ጨዋታውን የፈጠረው ሲድ ሳክሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ሰሌዳው 12 በ9 ነው፤ 108 ጠጠሮች አሉት፣ እያንዳንዱ ጠጠር ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ተጽፎበታል። ሁሉም ሰው 6,000 ዶላርና 6 ጠጠር ይዞ ይጀምራል። ተራ ሲደርስ አንድ ጠጠር ማስቀመጥ፣ እስከ 3 አክሲዮን መግዛት፣ አንድ ጠጠር ማንሳት፤ በቃ። ጠጠሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ ሆቴል ይመሠረታል፣ መሥራቹም አንድ አክሲዮን በነጻ ያገኛል። ሆቴሎቹ 7 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 25 አክሲዮን አላቸው። ሆቴሉ በሰፋ ቁጥር የአክሲዮኑ ዋጋ ይጨምራል።

አማቴን እማማ ነው የምንላቸው። የባንክ አክሲዮን ከያዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ያነሱት ጥያቄ «ልጄ፣ የዓመቱ ትርፍ የሚከፈለው መቼ ነው?» የሚል ነበር። አይከፈልም። በአኳየር የትርፍ ድርሻ የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ የሚገኘው ሁለት ሆቴሎች ሲነካኩና ትልቁ ትንሹን ሲውጥ ነው። ከተዋጠው ሆቴል ብዙ አክሲዮን የያዘው ሰው የአንዱን አክሲዮን ዋጋ 10 እጥፍ፣ ሁለተኛው 5 እጥፍ ቦነስ ከባንክ ይቀበላል። ከዚያ አክሲዮኑን መሸጥ፣ ሁለቱን በአንድ የዋጪው አክሲዮን መለወጥ፣ ወይም ሆቴሉ እንደገና ይመሠረታል ብሎ መያዝ ይቻላል።

መጋቢት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ጨዋታው የገባኝ ያን ቀን ነው። ከሆቴሎቹ ታወር የሚባለው 4 ጠጠር፣ ፌስቲቫል የሚባለው 7 ጠጠር ላይ ነበሩ፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ቦታ አለ። ከታወር ልጄ 5 አክሲዮን፣ እኔ 4 ይዘናል። የአንዱ ዋጋ 400 ዶላር ነው። እጄ ላይ 1,200 ዶላር ነበረኝ፤ አዲስ የተመሠረተውና ውድ ከሚባሉት ሆቴሎች አንዱ የሆነው ኮንቲኔንታል ስላማረኝ ሦስት አክሲዮን ገዝቼ ባዶዬን ቀረሁ። እማማ ጠጠራቸውን መካከል ላይ ቁጭ አደረጉት። እሳቸው ታወር ውስጥ አንድም አልነበራቸውም፤ ከፌስቲቫል ግን 7 አክሲዮን ይዘው ነበር።

ልጄ 4,000 ወሰደች፣ ለእኔ 2,000 ደረሰኝ። በ800 ዶላር ሁለት ታወር ገዝቼ ቢሆን ኖሮ 4,000ው የእኔ ነበር። አንድ ብቻ ብጨምር እንኳ እኩል ስለምንሆን 6,000ውን ለሁለት እንካፈል ነበር። እሷ ከአምስቱ አራቱን በሁለት ፌስቲቫል ለወጠች፣ አንዱን ሸጠች። ፌስቲቫል 12 ጠጠር ስለሆነ ዋጋው ወደ 800 አደገ፤ ደግሞም 11 የደረሰ ሆቴል ከዚያ በኋላ አይዋጥም። እኔ አራቱንም ሸጥኩ።

ለወራት ውድ ውዱን እያሳደድኩ ነበር የምሸነፈው። ሉክሶርና ታወር ርካሽ ስለሆኑ በጥቂት ገንዘብ ብዙ አክሲዮን ይዞ ቀዳሚ መሆን ይቻላል፤ ቶሎ ከተዋጡ ደግሞ ሌሎች ገንዘብ ሲያጥራቸው እናንተ እጃችሁ ላይ ጥሬ ገንዘብ አለ። አንዱ ሆቴል ሌላውን ሊውጥ ሲል ባዶ ኪስ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ሌላው ሲገዛ ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። አሁን ሰሌዳው ላይ ሁለት ሆቴሎች ሲቀራረቡ ሳይ ቢያንስ የሁለት አክሲዮን ዋጋ ሳላስቀር አልገዛም።

በእቃው ላይ ቅሬታ አለኝ። የወረቀት ገንዘቡ በጣም ስስ ነው፤ የ100 ዶላሮቹ ጠርዝ በሦስተኛው ወር መቀደድ ጀመረ። እኔ ያለኝ ሰሌዳ ጠጠሩን ቆንጥጦ አይዝም፣ ጠረጴዛው ከተነካ ሁሉም ይንሸራተታል። አንድ ቀን ከመሃል ጨዋታ ስኒ ሲነሳ ተበትኖብን ማን የቱን እንዳስቀመጠ ስንከራከር መሸብን። ለሁለት ሰው ደግሞ ብዙም አይጥምም፤ ሦስት ወይም አራት ስትሆኑ ነው የሚደምቀው። ጽሑፉ ጥቂት ስለሆነ ግን እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው አያስቸግርም። የዋጋ ሰንጠረዡን በአማርኛ ጽፌ ለእማማ ሰጠኋቸው፤ ሌላ እርዳታ አላስፈለጋቸውም።

ባለቤቴ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ትንሹን መጠን፣ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር ገዝቶ ነበር። ልጄ በቀደም «አባዬ ቀዳሚ ለመሆን ስንት ይቀረዋል?» አለችኝ። በጨዋታው 13 የያዘን ሰው ማንም እንደማይቀድመው ስለምታውቅ ነው። ለሽያጭ የቀረበው 10 በመቶው ብቻ 100 ሚሊዮን አክሲዮን መሆኑን ስነግራት ወረቀት አምጥታ ማካፈል ጀመረች። ይህን ሂሳብ ማንም አላዘዛትም፤ በዚህ ጨዋታውን ወድጄዋለሁ።

ከጀመራችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጊዜ አክሲዮናችሁን ገልጣችሁ ተጫወቱ። እኛ ደብቀን መጫወት የጀመርነው ሰኔ ላይ ነው፤ እስካሁንም ማን ስንት እንደገዛ ሳይረሱ የሚይዙት እማማ ብቻ ናቸው።