አምባሰልና ባቲን በኪቦርድ መቃኘት፦ የያማሃ ፒኤስአር-ኤስኤክስ900 ግምገማ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከክራር ጋር ኪቦርድ የሚያጅብ ሰው ያውቀዋል፤ ክራሩ በጆሮ ተቃኝቶ እያለ ኪቦርዱ ይጎረብጣል። ኪቦርዱ ኦክታቩን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) 12 ቦታ እኩል፣ እያንዳንዱን 100 ሴንት (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) አድርጎ ስለሚከፍለው ነው። ይህ ሞዴል ስኬል ቲዩን በሚለው ገጹ ላይ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው በሴንት ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ልዩነቱን ለመስማት የኦርጋን ድምፅ መርጠው ኮረስ፣ ቪብራቶና ሪቨርብ የተባሉትን የድምፅ ማሳመሪያዎች ያጥፉ። መሀለኛዎቹን ዶና ሚ አብረው ይጫኑ። በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ሚን 14 ሴንት ዝቅ ሲያደርጉት መርገብገቡ ጸጥ ይላል። ፒያኖ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት ለዚህ ሙከራ አይሆንም።

ዶን መነሻ ካደረጉ፣ ባቲ ሜጀር (ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ) ከኪቦርዱ ዝግጁ ልኬቶች ፒዩር ሜጀር የሚለውን መምረጥ ብቻ ይበቃዋል።

አምባሰል (ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ላ ፍላት) ላይ ግን ያው ምርጫ ጉድ ይሠራል። ጥቁሮቹን ቁልፎች ዶ ሻርፕና ሶል ሻርፕ ብሎ ስለሚያሰላቸው 30 ሴንት ገደማ ያወርዳቸዋል፤ አምባሰል የሚፈልገው ደግሞ በእነዚያው ቁልፎች ሬ ፍላትና ላ ፍላትን፣ ያውም ከፍ ብለው። ስህተቱ ከ40 ሴንት ይበልጣል፤ ማንም ጆሮ ያለው ይሰማዋል። ስለዚህ በእጅ ያስገቡ፦ ሬ ፍላት +12፣ ፋ -2፣ ሶል +2፣ ላ ፍላት +14። ከዚያ ሬ ፍላት፣ ፋና ላ ፍላት አብረው ሲያዙ እንደ አንድ ድምፅ ይገጥማሉ። ለአምባሰል በኪቦርድ እኛ የምንመርጠው ይህን ቅኝት ነው።

ትዝታ ሜጀር (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) ያስቸግራል። በፒዩር ሜጀር ከሬ እስከ ላ 680 ሴንት ብቻ ነው፤ ንፁሁ 702 ነበር። ላን +6 ቢያደርጉት ሬ ይስተካከላል፣ ላ ግን ከሚ ጋር ይጣላል። ዜማው የትኛውን እንደሚያዘወትር አይቶ መወሰን ነው።

ዘፋኙ ድምፅ ቀይር ካለና መነሻው ወደ ሬ ከሄደ ቁጥሮቹም አብረው መሄድ አለባቸው። ለእያንዳንዱ መነሻ አንድ ሬጅስትሬሽን (የኪቦርዱን ቅንብር የሚያስቀምጥ ማህደር) ያዘጋጁ። ሲያስቀምጡ ስኬል የሚለው ምልክት መደረጉን ይዩ፤ ካልሆነ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኪቦርዱ ወደ እኩሉ ልኬት ተመልሶ ያገኙታል። ሬጅስትሬሽኖቹ የተቀመጡበትን ባንክም ፍላሽ ላይ ይገልብጡ።