የድምፅ መስጫ ወረቀቴን ያሳተምኩበት የፈረንጅ አራዳው ኮፒ ቤት

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ውስጥ ኮፒ ቤት ሞልቷል። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙበትና የሚያስጠርዙበት ነው። እኔ የምጽፈው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ስለሚገኘው፣ አንዲት ወጣት ሴት ስለምትሠራበት ጠባብ ቤት ነው። ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተካሄደው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ድምፄን መስጠት የቻልኩት በእሷ ትጋት ነው።

ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው፤ የምመርጠውም በሚኒሶታ ግዛት። እናቴን ለማስታመም ወደ ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ የምኖረው በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። መታወቂያው ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል፣ የመምረጥ መብት ግን አይሰጥም። በተወለድኩበት አገር ስለማልመርጥ ያለችኝ ድምፅ የዚያኛዋ ብቻ ናት፤ እሷም ከንቱ እንድትቀር አልፈልግም።

የአሜሪካ ሕግ በውጭ ለሚኖር መራጭ ወረቀቱ ከምርጫው ቢያንስ 45 ቀናት አስቀድሞ እንዲላክለት ያዛል። የእኔ በኢሜይል ደረሰኝ። ሚኒሶታ ግን የተሞላውን በኢሜይል አትቀበልም፤ ታትሞ፣ አብሮት የሚላከው ማረጋገጫ ተፈርሞ፣ በፖስታ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ መግባት አለበት።

አስቀድሜ በሄድኩበት ሌላ ኮፒ ቤት ሠራተኛው ፋይሉን ከፍቶ የዕጩዎቹን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ለማን ድምፅ መስጠት እንዳለብኝ ይመክረኝ ገባ። ሳላሳትም ወጣሁ። ድምፅ በምስጢር ካልተሰጠ ምኑን ድምፅ ሆነ?

ይህችኛዋ ጉዳዩን ስነግራት አንድም ጥያቄ ሳትጨምር ወንበሯን ለቀቀችልኝና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ኢሜይሌን የከፈትኩት ራሴ ነኝ። ችግሩ የመጣው ከወረቀቱ ነው፤ የአሜሪካኑ መጠን ከኤ4 በስፋት ትንሽ ይበልጣል፣ በቁመት ያንሳል። እንዳለ ቢታተም ከስሞቹ ጎን ያሉት ሞላላ ክቦች ጠርዝ ላይ ሊቆረጡ ይችላሉ። እሷ መጀመሪያ የመመሪያውን ገጽ ብቻ አውጥታ በማስመሪያ ለካችው፤ ጥቂት አሳንሳ ደገመችው። «እትዬ፣ አሁን ዋናውን እዘዢ፤ እኔ አላየውም» አለችኝ። ታትሞ ሲያልቅ ፋይሉን ከኮምፒውተሩም ከቆሻሻ መጣያውም ስታጠፋ እያየሁ ነበር።

መጠኑ ስለተቀነሰ ድምፅ ቆጣሪው ማሽን ላያነበው ይችላል ብላ ሰጋች። በሚኒሶታ እንዲህ ያለውን ወረቀት የተለያየ ፓርቲ አባል የሆኑ ሁለት አስመራጮች ወደ መደበኛው ወረቀት እንደሚገለብጡት ነገርኳት። «የሚገለብጡት ይታመናሉ?» ብትለኝ፣ «አንዱ ሌላውን ይጠብቃል» አልኳት። በነገሩ በጣም ተደሰተች።

የሞላሁት እዚያው፣ ከመጠረዣው ማሽን ጀርባ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚኒሶታ ዋና ከተማ ሴንት ፖል ሳለሁ ከጎረቤቶቼ ጋር ተሰልፌ፣ ስወጣ «ድምፅ ሰጥቻለሁ» የሚለውን ቀይ ተለጣፊ ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ ሥራ እሄድ ነበር። እዚህ ሰልፍም ተለጣፊም የለም፤ ሆኖም ያን ዕለት ከየትኛውም ምርጫ ይልቅ ተጠንቅቄ አነበብኩ፤ አንድም ዕጩ አልዘለልኩም። ልጅቷ ወፍራም ፖስታ መርጣ፣ የቴምብር ክፍያ የማያስጠይቀውን አድራሻ አትማ ለጠፈችልኝ። የእህቴ ልጅ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ አደረሰው። ወረቀቱ መግባቱን ኋላ በግዛቱ መከታተያ ገጽ ላይ አየሁ።

በምርጫው ማግስት ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የዶናልድ ትራምፕ ማሸነፍ ሲነገር ቡና ላይ ነበርን። ጎረቤቶቼ ማንን እንደመረጥኩ ደጋግመው ጠየቁኝ። ለእነሱም አልተናገርኩም፣ እዚህም አልጽፍም።

ቤቱ ጉድለት አለው። ጄኔሬተር ስለሌለው መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ የአንድ ገጽ ዋጋውም ከአካባቢው ጥቂት ብር ይበልጣል። ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት እኔ ደስ እያለኝ እከፍላለሁ። የሚቀጥለው የአሜሪካ ምክር ቤት ምርጫ ጥቅምት 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። የመራጭነት ማመልከቻውን በየዓመቱ ማደስ ይመከራል፤ ፖስታው ሳምንታት ስለሚፈጅ ወረቀቱ እንደደረሳችሁ ብታሳትሙ ይሻላል። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ በተማሪዎች ይጨናነቃል፤ ዓርብ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት ዝግ ነው።