የኮምቦልቻው መለዋወጫ ሱቅ

ለዶልፊኔ፣ ለቶዮታ ሚኒባሴ፣ የውሃ ፓምፕ የገዛሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ ጠባብ ሱቅ ነው። ዋጋው ናላ ያዞራል። ግን ዕቃው ኦሪጅናል አይሲን ነው፤ የቶዮታ ቡድን አባል የሆነው የጃፓን መለዋወጫ አምራች ሥራ። ባለሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ ፓምፑን በጣቱ አሽከረከረና ጆሮዬ ሥር ያዘው። "ወንድምዓለም፣ ድምፅ አለው?" ጭጭ!

ወሬም ይችላል። የአይሲን ዋና መሥሪያ ቤት ካሪያ ከተማ ነው፤ ሚካዋ በሚባለው የጃፓን ባሕር ዳር አካባቢ። ሚካዋ ከድሮም የጥጥ አገር ነው። ቶዮታም የበቀለው ከሽመና ነው፦ በ1926 እ.ኤ.አ. ካሪያ ላይ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ተቋቋመ፣ በ1933 የመኪና ክፍል ተከፈተለት። ዛሬ መኪናው በሚካዋ ወደብ በኩል ለዓለም ይጫናል። የእኛም ከተማ ጨርቃ ጨርቅ አላት እኮ!

አሁን የሐረጎን ዳገት ሰው ሞልቼ ስወጣ የሙቀት ጌጁ ንቅንቅ አይልም። ደረሰኝ ግን ካልጠየቃችሁ አይሰጥም፤ ጠይቁት።