ትልቁ የማኪታ መጋዝና የሰንሰለት ሞርታይዘር፦ ባሕር ዳር ላይ ወራት ከሠራሁባቸው በኋላ

ስለነዚህ ሁለት ማሽኖች ብዙ አናጢ ወንድሞች በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ አንዴ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። መልሱን በቅድሚያ ልንገራችሁ፣ በትልልቅ እንጨት ቤት የምትሠሩ ከሆነና ብራችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሞርታይዘሯን (እንጨት ውስጥ ጉድጓድ የምታወጣዋን ማሽን) ግዙ፣ መጋዙ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው መጋዙ ላይ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ያስፈራል፣ ቪዲዮ ላይም ያምራል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጉልበት የሚበላው መቁረጡ ሳይሆን መብሳቱ ነው፣ ይሄን የሠራ ያውቀዋል።

እኔ የምሠራው ጣና ዳር ለሎጆችና ለጀልባ መሳፈሪያ የሚሆን ጣራ ነው፣ ቋሚና ወራጁ በወንዴና ሴቴ (ወንዴ የሚገባው ምላስ፣ ሴቴ የሚቀበለው ጉድጓድ) ተጋብቶ በእንጨት ችንካር የሚታሰር። ቡሎን ለምን አታስገባም ትሉኛላችሁ፣ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ እንጨቱ ሲኮማተር ቡሎኑ ባለበት ይቀራል፣ ከዛ ይላላና በየዓመቱ ቁልፍ ይዞ መሰላል ላይ መውጣት ነው። በእንጨት የታሰረ ግን አብሮ ይሄዳል። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ እነዛን ትልልቅ የእንጨት በሮች አይታችኋል፣ ያ ሁሉ ማሽን በሌለበት ዘመን ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ሥራው አዲስ አይደለም፣ አዲሱ ነገር መሣሪያው ነው።

መጋዙ ማኪታ 5402 ነው፣ ዲስኩ 415 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ ከ15 ሴንቲ ትንሽ የሚያልፍ ጥልቀት ይቆርጣል፣ 14 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሞርታይዘሯ ማኪታ 7104 ናት፣ 17 ኪሎ ገደማ፣ እንደ ሞተር መጋዝ ያለ ሰንሰለት አላት ግን ሰንሰለቱ ወደ ታች ቁልቁል እንጨቱ ውስጥ ይገባና አራት ማዕዘን ጉድጓድ ያወጣል፣ እሷም 15 ሴንቲ ገደማ ትጠልቃለች። ሁለቱንም ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አታገኟቸውም፣ መርካቶም ፈልጌ አላገኘሁም። ያለው አማራጭ የሚያመጣ ሰው መፈለግ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው በኢኮኖሚ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድለታል፣ አንዷ ማሽን ለብቻዋ አንድ ሻንጣ ትሞላለች ማለት ነው፣ ስለዚህ የምትለምኑት ሰው በጣም የሚወዳችሁ መሆን አለበት። ደረሰኙን አብሮ ይያዝ፣ ጉምሩክ ላይ ያለ ደረሰኝ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ዋጋውን በብር አልነግራችሁም ምክንያቱም ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ትናንት የሰማችሁት ዋጋ ዛሬ አይሠራም፣ በዶላር ጠይቃችሁ በዕለቱ ተመን ምቱት።

አሁን ዋናው ጉዳይ ቮልት ነው፣ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የኔዎቹ ሁለቱም የአሜሪካ ናቸው፣ በ120 ቮልት ነው የሚሠሩት፣ የኛ መብራት ደግሞ 220 ነው፣ ቀጥታ ከሰካችሁት በቃ ጭስ ነው። መጋዙ 15 አምፔር ይስባል፣ በ120 ስታባዙት 1800 ዋት፣ ይሄ እየሠራ ነው፣ ሲነሳማ ከዛ በላይ ነው የሚስበው። ስለዚህ 2000 ዋት የሚል ትራንስፎርመር ይበቃኛል ብላችሁ እንዳትገዙ፣ 3000 የሚል ይሁን፣ እሱም በጽሑፉ ሳይሆን በክብደቱ ይመዘን፣ ውስጡ መዳብና ብረት ያለው ነገር ከባድ ነው። አንድ ሱቅ የሸጠልኝ ትራንስፎርመር ላዩ ላይ 3000 ተብሎ ተለጥፎበት ሁለት ወራጅ ሳይቆረጥ እጅ የማያስነካ ሆነ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው፣ ብመልሰው ደግሞ አንቀበልም አሉ። ገመዱም ወፍራም ይሁን፣ በቀጭን ኤክስቴንሽን ሃምሳ ሜትር ስባችሁ ሞተሩ ደከመ አትበሉ። ስለ 50ና 60 ኸርዝ ግን አትጨነቁ፣ እነዚህ ካርቦን (ብሩሽ) ያላቸው ሞተሮች ናቸው፣ በሁለቱም ይሠራሉ፣ ጃፓን ራሷ ምሥራቁ 50 ምዕራቡ 60 ነው የሚጠቀመው። ከጃፓን ያገለገለ የምታስመጡ ካላችሁ (የሂታቺና የሪዮቢም ሞርታይዘር አለ) እሱ 100 ቮልት ነው፣ ለ120 የገዛችሁትን ትራንስፎርመር እንዳትሰኩበት። መጋዙ በ220 የሚሠራ ስሪትም ስላለው ከቻላችሁ እሱን አስመጡ፣ የኔን የሚያመጣልኝ ሰው አሜሪካ ስለነበረ ነው በ120 የወሰድኩት። ማፌል የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ከ1899 ጀምሮ ያለ ነው፣ በ230 ቮልት የሚሠራ ለአናጢ ብቻ የተሠራ መጋዝና ሞርታይዘር አለው፣ ከትራንስፎርመር ያወጣችኋል፣ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ስለሆነ ትልቅ ኮንትራት የያዘ ድርጅት ካልሆነ ለእኛ አይነት ሰው አይደለም።

ወደ ሞርታይዘሯ ልመለስ፣ እኔ ይቺን ማሽን እወዳታለሁ። እንጨቱን ፈረስ (መደገፊያው) ላይ ታጋድሙታላችሁ፣ ማሽኗ በራሷ ሞርሳ እንጨቱ ላይ ትታሰራለች፣ ጥልቀቷን ትቆልፋላችሁ፣ ከዛ እጀታውን ረጋ ብሎ ወደ ታች። የኔ ሰንሰለት 18 ሚሊ ነው፣ ጎን ለጎን ሁለቴ ስትገባ 36 ሚሊ ይወጣል፣ ስለዚህ ወንዴዎቼን ሁሉ በዚሁ ልክ ነው የማወጣው፣ መሮ የሚነካው ጥጉን ለማጽዳት ብቻ ነው። በትራፓኖና በመሮ ሁለት ልጅ እየተቀያየረ ግማሽ ቀን የሚሞትበት ሴቴ እዚህ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። አንድ ነገር አለ፣ ሰንሰለቱ ወደ ላይ በሚወጣበት በኩል የባሕር ዛፉን ፊት ይሰነጥቀዋል፣ በተለይ የደረቀውን። መስመሩን በመሮ ወይም በስለታም ቢላ ቀድማችሁ በጥሱት፣ ከዛ ንጹሕ ይወጣል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲጠግኑ የኖሩ አያ የምንላቸው አናጢ አንድ ቀን ሥራ ቦታ መጥተው ጣታቸውን ሴቴው ውስጥ ሰደው ዳሰሱና «አንት ልጅ፣ ታቹ ለምን ክብ ሆነ? ወንዴው ታች ካልነካ ምን ሊሸከም ነው?» አሉኝ። ሰንሰለቱ ጫፉ ላይ ስለሚዞር ታቹ ክብ ነው የሚሆነው። «አያ፣ ሸክሙ ትከሻው ላይ ነው፣ ጫፉን ሆን ብዬ ነው ያሳጠርኩት፣ ሲደርቅ እንዲንቀሳቀስ» አልኳቸው። ትከሻውን (ወንዴው ሥር ያለውን፣ ሴቴው ፊት ላይ የሚያርፈውን እንጨት) በስኳድራ ራሳቸው ለኩት፣ ትንሽ ቆዩና «እንግዲያ ትከሻዋን አደራ» ብለው ሄዱ። ልክ ናቸው፣ ማሽኗ ሴቴውን ነው የምታወጣላችሁ፣ ትከሻው ዞሮ ዞሮ በእጅ ነው።

መጋዙ ጥሩ ነው፣ አላማሁትም። 15 በ15 የሆነን እንጨት በአንድ ጉዞ ቀጥ አድርጎ ይጥላል፣ በትንሹ መጋዝ ከሁለት በኩል ቆርጦ መሃሉ ላይ የሚቀረውን ደረጃ ማስተካከል የለም፣ ብሬክ ስላለው ስትለቁት ቶሎ ይቆማል። ግን ለአንድ ሰው ከባድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ እጅ ሲዝል እኔ ልጆቹን አላስነካም። የባሕር ዛፍ ጠባይ ደግሞ አለ፣ ግንዱ ውስጥ ጭንቀት ታምቆ ነው የሚያድገው፣ ስትቆርጡት ክፍተቱ ተመልሶ ይጋጠማል፣ ዲስኩን ነክሶ ይይዘዋል፣ ያን ጊዜ 14 ኪሎ ማሽን ወደ ሰውየው ነው የሚመለሰው። ሁልጊዜ ሽብልቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ ክፍተቱ እንደተከፈተ ሽብልቁን መታ አድርጋችሁ አስገቡት፣ ከመስመሩ ኋላ ሳይሆን ጎን ቁሙ። እንጨቱን በእርጥቡ ሥሩት፣ ባሕር ዛፍ ከደረቀ ብረት ነው፣ ዲስክም ሰንሰለትም ይጨርሳል። ጫፍ ጫፉን በተቆረጠ ቀን ቀለም ቀቡት አለበለዚያ በሳምንቱ ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ።

የዲስኩ መሃል ቀዳዳ 25.4 ሚሊ ነው፣ መርካቶ ያለው የጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ ሲመጣ ሁለት ትርፍ ዲስክ አብሮ ይምጣ። ጥርሱ ካርባይድ ስለሆነ በሞረድ አይሳልም፣ እኔ አዲስ አበባ ነው የምልከው። የሞርታይዘሯ ሰንሰለት ግን በቀጭን ክብ ሞረድ እዚሁ ይሳላል፣ ልጆቹ ራሳቸው ለምደውታል፣ ዘይቱ ብቻ እንዳይረሳ። እስካሁን የቀየርኩት የመጋዙን ካርቦን ነው፣ ሌላ ነገር አልተበላሸም። መብራት ሲወርድ ግን አትግፏቸው፣ ባሕር ዳር ላይ ምሽት አካባቢ ቮልቱ ሲደክም ሞተሩ ድምፁን ይቀይራል፣ ያን ጊዜ አጥፍታችሁ ወደ መሮው ሂዱ።

አሁን የሚያስፈልገኝ የ18 ሚሊ ትርፍ ሰንሰለትና ላማው (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት) ነው። ጎንደር፣ ደብረ ታቦር ወይም ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ይቺኑ ማሽን የያዛችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ሰብሰብ ብለን በአንድ ሻንጣ እናስመጣለን።