ኢኖ ሴትአፕ፦ ከድሬ ሱቆች አንጻር ሲታይ

ድሬዳዋ ውስጥ ለመለዋወጫ ሱቆች የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ። የምጽፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ደንበኞቼ ፓይተን ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ማወቅም የለባቸውም። የሚፈልጉት በፍላሽ የመጣ አንድ ፋይል ነው፤ ሁለቴ ተጭነውት ዴስክቶፑ ላይ አይከን ከወጣላቸው በቃ። ይህን የሚያደርግልኝ ኢኖ ሴትአፕ ነው።

ጆርዳን ራስል የሚባል ፕሮግራመር በ1997 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው። ዕድሜው መልኩ ላይ ይታያል። ግን ለማውረድ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ መጠኑም ትንሽ ስለሆነ ዳታ አይበላም። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የትኛው ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ አይከኑ የት እንደሚወጣ በአጭር ስክሪፕት ትጽፍለታለህ። መጻፍ ከከበደህ ዊዛርዱ እየጠየቀ ይጽፍልሃል።

አሁን ወደ ችግሩ። ሰው በኢኖ ላይ የሚያማርረው አብዛኛው ነገር የኢኖ ጥፋት አይደለም። መጋላ በኩል አንድ ሐጂ አሉ፤ ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 7 ነው። ጭነቱ ያለ ችግር አለቀ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን አንድ የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሙ ለመነሳት የሚያስፈልገው አጋዥ ፋይል) የለም ብሎ ተዘጋ። ሐጂ ስልክ ደውለው፣ «አቦ፣ ይሄ ነገርህ ገብቷል፣ ግን አልነሳም አለ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም። መግባቱ የኢኖ ሥራ ነው፣ አለመነሳቱ ግን ከዚያ በፊት የመጣ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ ከ3.9 ጀምሮ ያለው እዚያ አይነሳም። 32 ቢት ዊንዶውስ ላለው ማሽን ደግሞ በ32 ቢት ፓይተን ለብቻው መገንባት አለበት። ለእሳቸው ማሽን በ3.8 እንደገና ገንብቼ ስወስደው ያው የኢኖ ስክሪፕት ምንም ሳይነካ ሠራ።

ስለዚህ አሠራሬ ይህ ነው። የፓይተን ኮዴን ያለ ፓይተን ወደሚነሳ ፕሮግራም የሚቀይረው ፓይኢንስቶለር ያወጣውን ፎልደር መጀመሪያ ፓይተን ወደሌለው ኮምፒውተር ገልብጬ እዚያው አስነሳዋለሁ። ከተነሳ በኢኖ እጠቀልለዋለሁ። ካልተነሳ ኢኖን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ፓይኢንስቶለር ሁሉንም በአንድ ፋይል የማድረግ አማራጭም አለው። ብዙ ሰው እሱን ይወዳል፣ እኔ ግን አልመክርም። እንዲህ የተሠራ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር ራሱን ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ እስኪከፈት ደንበኛው ሻዩን ይጨርሳል። አንቲቫይረስም እንዲህ ያለውን ፋይል ይጠረጥራል። ኢኖ ለማንኛውም ወደ አንድ ፋይል ስለሚያጠቃልለው በፎልደር መተው ይሻላል።

ከኢኖ በጣም የምወደው ያለ አድሚን ፈቃድ መጫን መቻሉ ነው። በስክሪፕቱ ውስጥ የፈቃዱን መስመር (PrivilegesRequired) «ዝቅተኛ» (lowest) ብለህ ስትሞላው ፕሮግራሙ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ይገባል። እኛ አገር ሱቅ ውስጥ የአድሚን ፓስወርዱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ጅቡቲ የሄደ የወንድም ልጅ ነው። በነባሪው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከገባ ግን ዳታቤዙን እዚያው አጠገቡ አታስቀምጥ። ተራ ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ ስለማይፈቀድለት ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ሽያጭ ግን አይመዘግብም። ዳታው በተጠቃሚው አፕ ዳታ (AppData) ፎልደር ውስጥ ይሁን።

ፕሮግራሙ የሚለይበትን፣ በስክሪፕቱ ውስጥ አፕ አይዲ (AppId) የሚባለውን መለያ ደግሞ ከስሪት ስሪት አትቀይር። ከቀየርከው አዲሱ በአሮጌው ላይ መግባቱ ይቀርና ዊንዶውስ በሚያሳየው የተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ሁለት ፕሮግራም ይታያል።

አልገባ ሲል ሴትአፑን ከኮማንድ መስመር «ስላሽ ሎግ» (/LOG) ብለህ አስነሳው። እያንዳንዱን እርምጃ ጽፎ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥልሃል። የትኛው ፋይል ላይ እንደተሰናከለ እዚያ ይነበባል።

ሰማያዊው የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያስ? እሱን ኢኖ አያስቀረውም። ፋይሉ በዲጂታል ፊርማ ካልተፈረመና ከኢንተርኔት ከወረደ ስማርትስክሪን የሚባለው የዊንዶውስ መከላከያ ያቆመዋል። ኢኖ ፊርማ ማስገባት ይችላል፣ ሰርተፍኬቱ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በፋት 32 (FAT32) ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ሲገለበጥ «ከኢንተርኔት የመጣ» የሚለው ምልክት ስለሚጠፋ ማስጠንቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። ለሚያወርዱት ደንበኞች «ሞር ኢንፎ»፣ ከዚያ «ረን ኤኒዌይ» በሉ ብዬ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ለአማርኛ ፕሮግራም አንድ ነገር ልጨምር። ኒያላ ፎንት ከዊንዶውስ 7 ጋር ይመጣ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚጫነው። ኢኖ ፎንት አብሮ መጫን ስለሚችል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ውስጡ አድርጌ ነው የምልከው።

የማይሆንበት ቦታም አለ። የትልቅ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል በኔትወርክ ለሁሉም ኮምፒውተር በአንዴ ለመጫን ኤምኤስአይ (MSI) የሚባለውን የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል ሊጠይቅህ ይችላል። ኢኖ ኤምኤስአይ አያወጣም። ለዚያ ዊክስ የሚባለውን መማር ይኖርብሃል፤ በኤክስኤምኤል ስለሚጻፍ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለመለዋወጫ ሱቅ ብለህ ግን እዚያ ውስጥ አትግባ።