የሲኖ ካምሻፍት ሲበላ፦ አዲስ፣ የታደሰ፣ ያገለገለ ወይስ ሙሉ ሞተር?

ቫልቭ አስተካክላችሁ ብዙም ሳትቆዩ ጩኸቱ ከተመለሰ፣ መካኒኩን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ የካምሻፍቱ፣ ጉብታ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ጉብታውና እሱ የሚገፋው ታፔት ባለቁ ቁጥር የቫልቩ ክፍተት እንደገና ይሰፋል፣ ቫልቩም የሚገባውን ያህል አይከፈትም። ከዚያ ጭስ፣ ነዳጅ መብላትና ዳገት ላይ መድከም ይመጣል።

እዚህ ላይ ባለመኪናው ስልኩን አንስቶ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይደውልና «ካምሻፍት ስንት ገባ?» ይላል። ጥያቄው ክፋት የለውም፣ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም። አዲስ ካምሻፍት ባለቀ ቡሽ (ዘንጉ በሚዞርበት ቀለበት) ውስጥ ከገባ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ አራቱን አማራጮች ሳወዳድር የምመዝነው በካምሻፍቱ ዋጋ ሳይሆን ከቡሹና ከታፔቱ ጋር ተደምሮ በሚመጣው ወጪ ነው።

የማወዳድረው ሲኖትራክ ሀዎ 371 ላይ ላለው ደብሊው ዲ 615 ሞተር ነው። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 9.7 ሊትር ነው። ከግንባታ ቦታ እስከ ጅቡቲ መስመር በየቦታው የምናየው ሞተር ነው። ስድስቱ ቴስታዎች (የሲሊንደር ክዳኖች) ለየብቻቸው ናቸው። ካምሻፍቱ ግን ብሎኩ ውስጥ ነው ያለው፤ 12 ጉብታዎቹ ታፔትና ፑሽሮድ (ረጅም የግፊት ዘንግ) እየገፉ ቫልቭ ያስከፍታሉ። አንገቶቹ፣ ማለትም የዘንጉ ክብ ማረፊያዎች፣ የሚሽከረከሩት ብሎኩ ውስጥ ተጠቅጥቀው በገቡ ቡሾች ላይ ነው። ችግሩም እዚህ ጋ ነው፦ ቡሹን በወጉ ለመቀየር ሞተር መውረዱ አይቀርም።

ከመግዛት በፊት ፊልትሮውን ቅደዱት

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የዘይት ግፊት ከወረደ ብዙዎች ወዲያው የካም ቡሽ ይላሉ። ሊሆን ይችላል። የኮሎ፣ ማለትም ፒስተኖች የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ማረፊያ ብሮንዚና ሲያልቅም፣ የዘይት ፓምፕ ሲደክምም ምልክቱ ያው ነው። ስለዚህ አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ካለ ከብረት የመጣ ነው፤ ጉብታና ታፔት ይጠረጠራሉ። ማግኔት የማይነካው፣ መዳብ መዳብ የሚል ብልጭታ ካያችሁ ደግሞ የቡሽ ወይም የብሮንዚና ላይኛው ሽፋን አልቆ ሥሩ ተገልጧል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ምንም አያስወጣም። ግዢውን ግን በግማሽ ይወስነዋል።

አዲስ ካምሻፍት

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ ከአዲስ ታፔትና ከአዲስ ቡሽ ጋር እስከሆነ ድረስ። አሮጌ ታፔት ፊቱ ከአሮጌው ጉብታ ጋር ተላምዷል። አዲስ ካም ላይ ሲጫን አዲሱን ይበላዋል። ሻጩ «ታፔቱ ገና ነው፣ ይሠራል» ቢል አትስሙት። አዲስ ካምሻፍት ገዝቶ ታፔት ላይ መቆጠብ ትርፍ የለውም።

አዲስ ስል ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የፋብሪካው ኦሪጅናል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌላ ድርጅት የሠራው ነው። ሁለተኛው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ደህና የሚሠሩ አሉ። የሚያስፈራው በኦሪጅናል ካርቶን የሚሸጠው ፎርጅድ ነው። ካርቶን ማመን ትተን ዕቃውን እንይ። ግራሱን ጠርጋችሁ ጉብታዎቹን በጣታችሁ ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ የመሣሪያ ጭረት መኖር የለበትም። የዘይት ቀዳዳ ካለ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን። ፈቃድ ካገኛችሁ ደግሞ ከጉብታና ከአንገት ራቅ ባለ ቦታ ሳይሆን እዚያው ጉብታው ጎን ላይ፣ ታፔት በማይነካው ጠርዝ፣ ትንሽ ሞረድ አስሞክሩ። የጠነከረ ብረት ሞረዱን ያንሸራትተዋል። ሞረዱ ከነከሰው ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የሰኞው ለዓርብ አይሆንም። ከሦስት ሱቅ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ካም፣ ታፔትና ቡሽ አንድ ላይ ስንት እንደሚሆን ይሁን።

ሬቲፊካ ያደሰው

ሬቲፊካ የሞተር ዕቃ ሞርዶ የሚያድስ ቤት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ የሚሳሳቱበት ነው። ካምሻፍት ላዩ ብቻ ነው የሚጠነክረው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ጉብታውን ሲሞርዱት ያ ጠንካራ ቅርፊት ይሳሳል። ትንሽ ጭረት ብቻ ከሆነ በግራይንደር ማጽዳቱ ያዋጣል፤ ጥሩ ሬቲፊካ ቅርጹን ጠብቆ ይሠራዋል። ጫፉ የተበላውን ግን ከፍታውን ለመመለስ የጉብታውን ክብ ክፍል በሙሉ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ያኔ ታፔቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ማስተካከያ ብሎን ያንን ልዩነት ካልሸፈነ ሌላ ጣጣ ነው።

በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ ላይ ማስተካከልም አለ። ከብየዳው በኋላ በወጉ ካልጠነከረ መሬት ላይ ቆንጆ ሆኖ ሞተር ውስጥ ይላጣል። «ከብየዳ በኋላ በምን ታጠነክሩታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው ሳያመነታ ካብራራላችሁ ደህና ነው። «ችግር የለውም» ብቻ ካላችሁ ተዉት።

አንገቶቹም ከተሞረዱ ሌላ ወጪ አለ፦ ጠበብ ያለ ቡሽ መፈለግ። እሱ ገበያ ላይ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ማስወጣት ነው። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሲደመር ርካሹ አማራጭ ከአዲሱ ብዙም ላይርቅ ይችላል። እኔ ዕድሳትን የምመርጠው አዲስ ሲጠፋ ወይም የሞተሩ ዓይነት አሮጌ ሆኖ መለዋወጫ የማይመጣለት ሲሆን ነው። ለ371 ግን ዕቃው በየሱቁ አለ።

ያገለገለ

ከተጋጨ መኪና የወጣ፣ ታፔቶቹ የየትኛው ጉብታ እንደሆኑ ተጽፎባቸው አብረው የመጡ ከሆነ፣ ማይክሮ ሜትርም የጉብታዎቹን ከፍታ ካጸደቀው፣ ሊያስኬድ ይችላል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብርቅ ነው። ታፔት የሌለው ያገለገለ ካም ግን አልገዛም።

ሙሉ ሞተር

ይህ የሚታሰበው ኮሎውም፣ ካሚቻውም (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ሽፋን)፣ ቡሹም ባንድ ላይ ሲያልቁ ነው። ጥቅሙ ጊዜ ነው፤ መኪና ሲቆም የባንኩ ብድር አብሮ አይቆምም። ሞተሩን አውርዶ ሌላ መስቀል ብሎክ ይዞ ሬቲፊካ ቤት ከመመላለስ ይፈጥናል። ጉዳቱ ደግሞ ውስጡን ሳታዩ መግዛታችሁ ነው። ሻጩ ኮፓውን (የዘይት ገንዳውን) ፈትቶ ቢያንስ አንድ ሁለት ብሮንዚና ካላሳያችሁ፣ ያለቀ ሞተር ሰጥታችሁ ያለቀ ሞተር ልትቀበሉ ትችላላችሁ። ሌላው፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስላለ ወረቀት ማስተካከል ይከተላል። ካምሻፍት ስትቀይሩ ግን ብሎኩ የራሳችሁ ነው፤ ቁጥሩም አይነካም።

ቡሹን ማን ያስገባዋል?

ከአራቱ የትኛውንም ብትመርጡ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ቡሽ በመዶሻና በቧንቧ ቁራጭ ሲገባ ጠርዙ ይጨፈለቃል ወይም ዘሞ ይቆማል። ማስገቢያ መሣሪያው ያለውን ጋራዥ ፈልጉ። የቡሹ ቀዳዳ ከብሎኩ የዘይት ቀዳዳ ጋር በልኩ መገጣጠም አለበት። ትንሽ ካለፈ አንገቱ ዘይት ያጣል፤ አዲሱ ካም ብዙ ሳይሄድ ይቃጠላል። ካሙ ከመግባቱ በፊት በባትሪ መብራት አሳዩኝ በሉ፤ በቀጭን ሽቦም ይፈተሻል። ከገባ በኋላ ካሙ በእጅ ያለ ትግል መዞር አለበት። ከጠበቀ መፍትሔው ልኩን መርምሮ ማስተካከል ነው። ቡሹን በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት።

የእጅ ዋጋ ስትነጋገሩም ይህን ለይታችሁ ተነጋገሩ። «ካም መቀየር» ተብሎ የተጠራው ዋጋ ቡሹን ላያካትት ይችላል። ቫልቭ ማስተካከያው ይካተት፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ማስገቢያው 0.30፣ ማስወጫው 0.40 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮም ቶሎ ይለወጥ፤ የአዲሱ ዕቃ ብናኝ እዚያ ነው የሚሰበሰበው።

ኤን ፒ አር ኢሱዙ ያላችሁ ሰዎች ሂሳባችሁ ሌላ ነው። የአብዛኞቻችሁ ካምሻፍት ቴስታው ላይ ስለተቀመጠ ሞተር ሳይወርድ ይነሳል። ስለዚህ ሙሉ ሞተር የሚለውን ምክር የሰጣችሁ ካለ ምክንያቱን ጠይቁት።

አሮጌውን ካም ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ከአዲሱ ጎን አስተኝታችሁ ርዝመቱን፣ የአንገቶቹን ውፍረት፣ የጊሩን ማሰሪያ ቀዳዳዎች አስተያዩ። መኪናው ተነስቶ ጭነት ይዞ እስኪመለስ ድረስም እጃችሁ ላይ ይቆይ። ጋራዥ ከተውት ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ባለሲኖ እንደ «ያልተነካ» ሊቀርብ ይችላል።