ሶስት ተንቀሳቃሽ መጠለያዎች ውስጥ አደርኩ፣ የጠዋቱን ነገር ግን ያሰበበት አንዱ ብቻ ነው

ሲጀመር አንተ ማነህና ነው ስለ ጎዳና መጠለያ ሪቪው የምትጽፈው ለምትሉ፣ ከአመታት በፊት ሰባት ወር ገደማ ደጅ አድሬያለሁ፣ አሁን የምተዳደረው በእንጨትና በብረት ስራ ነው። ይሄን የሚያውቁ ልጆች ቤት ለሌለው ሰው ተብለው የተሰሩ ሶስት አይነት ተንቀሳቃሽ መጠለያዎች፣ አንድ ተጣጣፊ ፕላስቲክ፣ አንድ ባለ ጎማ ጋሪ፣ አንድ የመኝታ ከረጢት የሚሆን ጃኬት፣ አመጡልኝና እደርባቸውና የታየህን ሳትደብቅ ንገረን አሉኝ። እሺ አልኩ። ለእያንዳንዱ ሶስት ሶስት ሌሊት፣ ባጠቃላይ ዘጠኝ ሌሊት ውጪ፣ ሚስቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም። የሰሪዎቹን ስም አልጠራም፣ ሁሉም ገና ሙከራ ላይ ናቸው፣ ደግሞም ያገኘሁባቸው ጥፋት ከነሱ በፊትም ብዙ ዲዛይነር የሰራው ጥፋት ነው።

በተጣጣፊው ልጀምር። ፎቶው ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፣ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ተዘርግቶ፣ ነጭ በነጭ፣ ማታ ውስጡ መብራት በርቶ። የተሰራው ከዛ ለማስታወቂያ ቦርድ ከሚሆነው ውስጡ እንደ ካርቶን ቱቦ ቱቦ ካለው ፕላስቲክ ነው፣ እቃው ራሱ መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ ውሃ አይጠጣም፣ ብታጥፈው ብትዘረጋው ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ቱቦዎቹ ውስጥ የታሰረው አየርም ትንሽ ትንሽ ብርድ ይከላከላል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 9 ኪሎ ሆነ። መጀመሪያ ቀን ለመዘርጋት አስር ደቂቃ ፈጀብኝ፣ በሶስተኛው ቀን በጨለማ ሁለት ደቂቃ፣ እሱ ላይ ሙሉ ማርክ ሰጥቻለሁ ምክንያቱም በብርድ ጣትህ ደንዝዞ ትናንሽ ብሎንና መቆለፊያ መፈለግ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ሌሊት ነፋስ አልነበረም፣ ገብቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞቀኝ። የተኛ ሰው ሰውነት ከ70 እስከ 80 ዋት የሚሆን ሙቀት ያወጣል፣ እንደ ድሮዎቹ አምፖሎች በሉት፣ ስለዚህ ቦታው ጠበብ ካለ ራስህ ምድጃ ነህ ማለት ነው። ጥሩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ግንባሬ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ቀሰቀሰኝ። ዘነበ እንዴ ብዬ ወጣሁ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ኮከብ ይቆጠራል። ያዘነበው የራሴ ትንፋሽ ነው! ልጆቹ ሙቀት እንዳይወጣ ብለው ጣሪያውንም ጎኑንም አንድ ክፍተት ሳይተዉ ደፍነውታል፣ እርጥቡ ትንፋሽ ደግሞ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ሲነካ ውሃ ይሆንና ተመልሶ እላይህ ላይ ይወርዳል። ልብስህ አንዴ ከረጠበ ያ ሁሉ የሙቀት ስሌት ዋጋ የለውም፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ ከማደር በደረቅ ብርድ ማደር ይሻላል። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ታች በእግር በኩል አንድ ቀዳዳ፣ ላይ በራስ በኩል ዝናብ በማያስገባ ክዳን ስር ሌላ ቀዳዳ፣ አየሩ ራሱ መንገዱን ያገኛል። በማግስቱ በቢላ በሳሁት፣ ይቅርታ ልጆች።

ወለሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ያ የሚያብረቀርቅ ፎይል ተለጥፎበት "ሙቀት መላሽ ወለል" ተብሎ ተጽፎበታል። ፎይል የሚመልሰው በጨረር የሚሄደውን ሙቀት ነው፣ ለዛም ፊት ለፊቱ ክፍት አየር ይፈልጋል፣ ጀርባህ ተጭኖት ከተኛህ ሙቀቱ በንክኪ ነው ወደ አስፋልቱ የሚሄደው፣ እዛ ላይ ፎይሉ ከጌጥ አያልፍም። ውጪ ያደረ ሰው ሁሉ ይሄን ፊዚክስ ሳይማር ያውቀዋል፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ከላይ የሚለብሰውን አይደለም፣ ከታች የሚያነጥፈውን ነው። ሁለተኛ ቀን ሶስት ድርብ ካርቶን አነጠፍኩና ጉልበቴ ተመለሰ። ዲዛይነሮች ግን ጣሪያ ይወዳሉ፣ ፎቶ ላይ የሚወጣው ጣሪያ ነዋ።

ሁለተኛው ሌሊት ነፋስ መጣ። ከእቃው ጋር አራት ካስማ ተሰጥቶኛል፣ ቆንጆ ካስማ፣ ግን እኔ ያለሁት ሲሚንቶ ላይ ነው፣ ካስማውን ጥርሴ ላይ ልትከለው? ጎዳና የሚያድር ሰው ስንቴ ነው ሳር ላይ የሚያድረው? በስንት መከራ ባዶ ጠርሙሶች ውሃ ሞልቼ በአራቱም ጥግ አሰርኩና ነው ያደረው። የታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ ወይ አሸዋ የሚሞላበት ኪስ ቢሰፋለት አለቀ እኮ።

ሶስተኛው ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም፣ ምክንያቱ ብርድም ነፋስም አይደለም። ኮቴ ሰማሁ። ሰው ቀስ ብሎ መጣ፣ አጠገቤ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ሄደ፣ እኔ ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጌ ማን ይሁን ምን ይያዝ አላይም። እሱ ግን እዚህ ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቃል። እዛ ተጋድሜ ትዝ ያለኝ ማይክል ራኮዊትዝ የሚባለው አርቲስት ነው፣ በፈረንጆቹ 1998 ላይ ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ውስጥ ህንፃዎች በማናፈሻ ወደ ውጪ የሚተፉትን ሞቅ ያለ አየር እየሳበ የሚነፋ የፕላስቲክ መጠለያ መስራት የጀመረው። የመጀመሪያውን ከጥቁር ፌስታል ነበር የሰራው፣ ሰዎቹ የግል ቦታ ይፈልጋሉ ብሎ አስቦ። እነሱ ግን የኛ ጭንቀት ደህንነት ነው፣ የሚመጣብንን ማየት እንፈልጋለን፣ መታየትም እንፈልጋለን አሉት፣ ከዛ በኋላ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መስራት ጀመረ። ጠይቆ ነው የተማረው! እነዚህ ልጆችም አንድ ቀን ቢጠይቁ ኖሮ በአይን ከፍታ ላይ አንድ ጠባብ መስኮት ይተዉልኝ ነበር።

ስለ እሳት አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ይሄ ፕላስቲክ በእሳት ይቀልጣል፣ እየነደደም ይንጠባጠባል፣ መውጫው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በእግር በኩል። ሻማ ውስጡ እንዳትለኩሱ። ከሰል ደግሞ ጨርሶ፣ እንደዚህ ጠባብ ነገር ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ተኝተህ ነው የሚወስድህ። መጠለያው ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት፣ ማንበብ ለማይችልም በስዕል።

እና ጠዋት። ሰው ሳይመጣ በጊዜ ተነሳሁ፣ ፕላስቲኩ ከውጪ ጤዛ ከውስጥ ትንፋሽ ሆኖ ርሷል፣ አጣጠፍኩት፣ ውሃው በክንዴ ወረደ፣ ሲታጠፍ አንድ ሜትር በሰማንያ ሴንቲ የሆነ ሰሌዳ ነው፣ በብብቴ ይዤው ስሄድ ነፋሱ እንደ ሸራ እየመታ ያንገላታኛል። ከዛስ? እሱን ይዤ ሽንት ቤት እንዴት ልግባ፣ ስራ ፍለጋ የማን በር ላይ ልቁም፣ አውቶቢስ ማን ያስገባኛል? የትም ጥዬው ብሄድ ማታ አላገኘውም። ሎስ አንጀለስ ላይ ቲና ሆቭሴፒያን የምትባል ዲዛይነር ውሃና እሳት እንዲቋቋም ከታከመ ካርቶን የሰራችው ተመሳሳይ ተጣጣፊ አለ፣ ሀሳቡ ከዛ የመጣ ይመስለኛል፣ መጥፎ ሀሳብም አይደለም፣ አደጋ ደርሶ ለጥቂት ቀን ሰው ለማሳደር ይሆናል። በየቀኑ ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ግን 9 ኪሎ ሰሌዳ የቤት እጦት ታርጋ ነው፣ ደረትህ ላይ ለጥፈህ እንደመሄድ። ከአስር አራት።

ጋሪው ከኮምፔንሳቶ የተሰራ ሳጥን ነው፣ አራት ጎማ አለው፣ ቀን 120 ሴንቲ ነው፣ ማታ እንደ መሳቢያ ስትስበው 195 ይሆናል። 38 ኪሎ። እውነቱን ልናገር፣ ከሶስቱ ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁት እዚህ ነው፣ ከመሬት ሰላሳ ሴንቲ ከፍ ማለት እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ፣ ጎርፍም አይነካህ፣ የአስፋልቱ ብርድም አይደርስብህ፣ እቃህ እግርህ ስር ባለው ሳጥን ተቆልፎበታል።

ግን በሩ! መቀርቀሪያው ከውጪ ብቻ ነው ያለው፣ ከውስጥ ምንም። ማለት እኔ ውስጥ ስተኛ መቆለፍ አልችልም፣ የፈለገ አላፊ አግዳሚ ግን እኔን ሊቆልፍብኝ ይችላል። ይሄን የሰራው ሰው አንድ ሌሊት ቢተኛበት ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይታየው ነበር፣ እቃ ማስቀመጫ እንጂ ሰው ማስተኛ እየሰራ እንደሆነ ረስቶታል መሰለኝ። ራሴ ከውስጥ የሚዘጋ ሸርተቴ ገጠምኩለት፣ ከውጪ ደግሞ ቀን ቀን ጓጉንቸር የሚገባበት ቀለበት አደረግኩለት፣ ሲተኙበት ቀለበቱ ተገልብጦ እንዳይዘጋ አድርጌ።

ጎማዎቹ የሱፐርማርኬት ጋሪ አይነት ናቸው፣ ቁመታቸው አስር ሴንቲ፣ ለስላሳ ወለል ላይ ይንሸራተታሉ፣ የፍሳሽ ፍርግርግ ሲያገኙ ቅርቅር ይላሉ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለማውጣት ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። የብስክሌት ወይ የጋሪ ትልቅ ጎማ ሁለት ብቻ ቢሆን ከዚህ አራቱ ይሻላል። ክሪስቶፍ ቮዲችኮ የሚባል አርቲስት በፈረንጆቹ 1988 ኒውዮርክ ላይ እንዲህ አይነት ጋሪ ሰርቶ ነበር፣ ጠርሙስና ጣሳ ለቅመው ከሚሸጡ ቤት አልባ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ እየተማከረ፣ ስለዚህም የሱ ጋሪ ቀን የሚሰበሰበውን ጣሳና ጠርሙስ መያዣ ነበረው፣ ማታ መኝታ ይሆናል። እሱ ራሱ ይሄ የቤት ምትክ ነው አላለም፣ ችግሩን ለሰው አይን ለማሳየት ነው የሰራው። ቢሆንም ስለ ቀኑ አስቧል፣ ወሳኙ ነገር እሱ ነው።

ሌላው የጋሪው ችግር ቤት መምሰሉ ነው። ቤት የመሰለ ነገር አንሱ ይባላል። ቶሮንቶ ውስጥ ካሊል ሲቭራይት የሚባል አናጢ በፈረንጆቹ ከ2020 ወደ 2021 በነበረው የብርድ ወቅት ብርድ መከላከያ ያላቸው ትናንሽ የእንጨት መጠለያዎች ሰርቶ ፓርክ ውስጥ ለሚያድሩ ሰዎች ያከፋፍል ነበር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፍርድ ቤት ሄዶ አስቁሙልኝ አለ። የእሳት ስጋት ነው አሉ፣ ስጋቱ ውሸት ነው አልልም፣ ግን በዛ ብርድ የሚያድረውስ? ራኮዊትዝም ኒውዮርክ ላይ ህጉ ድንኳን ከሚለው ከፍታ በታች እንዲሆን ብሎ ዝቅ ያለ የሰራው አለ፣ ሰውየው ተኝቶ ከሚሆነው ብዙም የማይበልጥ። ዲዛይን ማለት ቁርጥራጭ እንጨት ማገጣጠም ብቻ ሳይሆን የፖሊስንም ዱላ ቁመት መለካት ነው ልበል? ለማንኛውም ለጋሪው ከአስር ስድስት፣ ጎማው ከተቀየረ ሰባት።

ጃኬቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ወፍራም ኮት ነው፣ እግር ማስገቢያው በዚፕ ይቀጠልና የመኝታ ከረጢት ይሆናል፣ ጠዋት ተጠቅልሎ ቦርሳ። ጣሪያ የለውም፣ ዝናብ ሲመጣ ፊትህ ይረጥባል፣ ጀርባህ ስር ያለው ጥጥ ደግሞ በክብደትህ ስለሚጨፈለቅ ከስሩ ፍራሽ ወይ ካርቶን ካላደረግክ እሱም ያው ነው፣ መሬቱ ይበላሃል። ዚፑ በሌሊት ነክሶ ያዘኝና እግሬ እንደታሰረ ዶሮ ሆኜ ስፈራገጥ ነበር፣ ሰው ቢመጣብኝ መሮጥ አልችልም፣ ስለዚህ ባንዴ ተስቦ የሚከፈት ቬልክሮ ይሻለዋል። ግን ጠዋት አንድ ደቂቃ! ተነሳሁ፣ ጠቀለልኩ፣ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ ዳቦ ልገዛ ገባሁ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ያቺን ማንም-አላየኝም ለማግኘት ያኔ ስንት ነገር እከፍል ነበር።

የጃኬቱ ሀሳብ ድሮም አለ፣ ዲትሮይት ላይ ቬሮኒካ ስኮት የምትባል የዲዛይን ተማሪ በፈረንጆቹ 2010 አካባቢ የመኝታ ከረጢት የሚሆን ኮት ስትሰራ አንዲት መጠለያ ውስጥ ያለች ሴት ኮት አይደለም ስራ ነው የምንፈልገው ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ አልተቀየመችም፣ ከመጠለያ የሚወጡ ሰዎችን ቀጥራ ኮቱን እንዲሰፉት አደረገች። ለጃኬቱ ከአስር ሰባት ተኩል፣ ከስሩ የሚጠቀለል ፎም አብረው ከሰጡ ስምንት ተኩል።

ተጣጣፊውን ለልጆቹ መለስኩላቸው፣ ቀዳዳዎቹን አይተው ትንሽ ከፋቸው ግን ጻፉት። ጃኬቱን አልመልስም ብያለሁ። ጋሪውን ድሮ አብሮኝ ያደረ አንድ ሰውዬ ወሰደው፣ ትልልቅ ጎማ ገጥሜለት። በሳምንቱ ሳገኘው ሳጥኑን ነቅሎ ጥሎታል፣ ጎማውንና ሻንሲውን ብቻ ይዞ የሰው እቃ እያመላለሰ ይሰራበታል። ማታስ የት ነው የምታድረው አልኩት። "ካርቶን መች ጠፋ" አለኝና እቃውን እየገፋ ሄደ።